ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሥዕል ወዳጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ ሲዘጋጅ እዚህም እዚያም ተቃንቷል።)

እንደምን አመሻችሁ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ቬንቲሌተሮች ወደ እኔ ነው የዞሩት። እኔ ተመችቶኛል፤ እናንተን አላህም እግዜርም ይርዳችሁ። ለማሳጠር እሞክራለሁ።

የአማርኛ ፈተና ያልተፈተነ ሰው እዚህ የለም። ግጥም ይሰጣችኋል። አራት ስንኝ፣ ሲበዛ ስምንት። ከሥሩ ጥያቄ ይመጣል፦ «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ከዚያ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። «መ» አብዛኛውን ጊዜ «ሁሉም መልስ ነው» ይላል፤ ግጥሙ ያልገባን ሁላችን እሱን እናከብባለን። ገጣሚውን ግን የጠየቀው የለም። ግጥሙን የመረጡት መምህር አልጠየቁትም። መልሱን ያዘጋጀው ሰው አልጠየቀውም። ብዙ ጊዜ ገጣሚው ካረፈ ቆይቷል። በሕይወት ኖሮ ያንኑ ፈተና ቢቀመጥ ራሱ ሊስተው ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ጥያቄ ላወራ ነው። ሥዕል፣ ግጥም ወይም ዘፈን ስንፈታ የሠሪው ሐሳብ ዋጋ አለው ወይ? ካለው ምን ያህል?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ትከራከሩኛላችሁ። ለእኔ ሠሪው ምስክር ነው። ዳኛ አይደለም። ምስክር ይሰማል፤ ቦታው ላይ ነበረና እንዲያውም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ግን ምስክር ይረሳል። ምስክር ይፈራል። ምስክር በገንዘብ ይገዛል። አንዳንዴ ደግሞ ያየውን ትቶ ሰው ቢያምንለት ደስ የሚለውን ይናገራል። ስለዚህ ቃሉ ከሌላው ማስረጃ ጋር ይመዛዘናል። ሌላው ማስረጃ ሥራው ራሱ ነው። ሸራው፣ ስንኙ፣ ዜማው።

«ይሄማ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የእኛ ቅኔ ቤት ነገሩን ድሮ ጨርሶታል።

ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ የኔታ ፊት ይቀርባል። ሰሙ ይሰማል፤ ወርቁ ይፈለጋል። ወርቅ አለ ብሎ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ አምኗል። ይህን ቃል እዚህ ያስቀመጠው ሰው ሆነ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ይህን ካላመነ አይቆፍርም። ስለዚህ «የሠሪው ሐሳብ አያገባኝም» የሚል ሰው ሰምና ወርቅ አይሰማም። አሽሙርም አይገባውም። ጎረቤቱ በነገር ሲወጋው «ጥሩ ቀን ይሁንልህ» ያለው ይመስለዋል።

ሌላም ጎን አለው። ተማሪው «የኔታ፣ ወርቁ እኮ እዚህ ጋ ነው» ቢልና ቃሉ ሁለቱን ፍች መሸከም ቢያቅተው የኔታ አይቀበሉትም። «አስቤው ነበር» ማለት አያድነውም። ያሰበውን ማንም አልካደውም። ቅኔው ውስጥ ግን አልገባም። ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቷል።

በዚህ ግማሽ ገጽ የማይሞላ የቅኔ ቤት ልማድ ውስጥ ዛሬ የምለው ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ሐሳብን እንፈልጋለን፤ የምንፈልገው ግን ሥራው ውስጥ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም የራሱ ብልሃት አለው። መምህሩ አንዱን ንባብ ያነሱና «አንድም» ብለው አንድ ፍች ያስቀምጣሉ። ቀጥለው ሌላ «አንድም»፤ ቀጥለው ሌላ። አንዱ ፍች ሌላውን አያባርረውም፤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ያም ሆኖ መንገደኛው ሁሉ የራሱን «አንድም» ይጨምር ማለት አይደለም። ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል የመጣ ነው። ብዛቱ ልቅ፣ በሩ ጠባብ።

ፈረንጆቹንም ባጭሩ ላንሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ዊምሳትና ቢርድስሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ጽሑፍ አወጡ። የደራሲውን ሐሳብ ግጥሙ ሠምሯል አልሠመረም ለማለት መለኪያ አናድርገው፤ አንደኛ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ሁለተኛ ቢገኝም አያስፈልግም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ፈረንሳዊው ሮላን ባርት «የደራሲው ሞት» በሚል ጽሑፍ ደራሲውን ጭራሽ ቀበረው። በዚያው ዓመት ሌላ አሜሪካዊ፣ ሂርሽ፣ «የደራሲውን ሐሳብ ከጣልን ትክክለኛውን ፍች ከተሳሳተው በምን እንለያለን?» ብሎ ተነሳ። ሦስቱንም ወገን አከብራለሁ። ባርት ግን ግሩም ጸሐፊ ቢሆንም ሲገድል በጣም ደስ እያለው ነው። ደራሲ ከሚሞት ቁጭ ብሎ ቃሉን ቢሰጥ ይሻለኛል።

ይልቅ ሐረር እንውጣ። ደንገጎን ወጥታችሁ፣ አወዳይን አልፋችሁ፣ ጀጎል ትገባላችሁ። ፊታችሁ ትንሽ ፈረንጅ ከመሰለ ልጆች ይከቧችኋል። «ራምቦ ቤት! ራምቦ ቤት!» ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ያ ደረቱን ገልጦ መትረየስ የሚተኩሰው የፊልም ጀግና ነው። ልጆቹ የሚሉት ግን ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ነው። ቤቱ ያምራል። ባለፎቅ ነው፤ የእንጨት ሥራው ስስ ነው፤ ባለቀለም መስታወት አለው፤ ጣሪያው በሥዕል አጊጧል። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ እዚያ ቤት አልኖረም። ነጋዴው ያን ሁሉ መስታወት ሲያስገጥም ስለ ፈረንሳይ ግጥም ቅንጣት ሐሳብ አልነበረውም። ሐሳቡ ለጎብኚው ምኑም አይደለም። ጎብኚው ደረጃውን ሲወጣ ገጣሚው የወጣበት እየመሰለው ልቡ ይመታል። በዚህ ልስቅ እችል ነበር፤ አልስቅም። ቤቱ ሌላ ሥራ አግኝቷል፤ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። «ራምቦ እዚህ ተኝቷል» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ልናርመው ይገባል። ልብ መምታቱ አንድ ነገር ነው፤ የሆነው ነገር ሌላ ነው።

አሁን ሰውየውን ራሱን እንጥራው። እ.ኤ.አ. በ1854 ተወለደ። እስከ ዛሬ የሚነበብለትን ግጥም ጽፎ ሲጨርስ ገና ሃያዎቹ መግቢያ ላይ ነበር። ከዚያ ብዕሩን ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በአንድ የኤደን ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ገባ። ቡና ገዛ። ቆዳ ገዛ። ለእናቱና ለእህቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። ስለ ገንዘብ ይጽፋል። ስለ መሰልቸት ይጽፋል። የእጅ ሙያ መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል። ከሐረር ፎቶግራፉን አንስቶ ልኳል። ስለ ግጥም ግን ዝም።

እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ውስጥ አንድ መጽሔት ግጥሞቹን ማተም ጀመረ። እሱ በዚያ ዓመት ታጁራ፣ የዛሬዋ ጂቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር። ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ለማስጫን ግመልና ፈቃድ እየጠበቀ። ፓሪስ «ይህ ስንኝ ምን ማለት ነው?» እያለ ይከራከራል፤ መልሱን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው በረሃ ላይ የግመል ዋጋ ይከራከራል።

ምስክሩን አቁመን ብንጠይቀው ምን ይለን ነበር? ሁለት ቃል ተላልፎልናል። አንደኛው በእህቱ በኩል ነው። ገና ወጣት ሳለ እናቱ አንዱን መጽሐፉን አንብባ አልገባ አላትና «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» አለችው። ያው የኛ የፈተና ጥያቄ። የመለሰላት፣ የሚለውን ነው ማለት የፈለግሁት፣ ቃል በቃልም በየትኛውም አቅጣጫም፣ የሚል ነበር ይባላል። ሁለተኛው በንግድ ባልደረቦቹ በኩል የመጣ ነው። እዚህ አገር ሳለ የድሮ ግጥሙ ሲነሳበት «እጣቢ ነው» ብሎ አጣጣለው ይላሉ። የዕቃ እጣቢ።

እስቲ አስቡት። ሠሪው ዳኛ ነው ካልን በሁለተኛው ቃል ጉዳዩ ተዘጋ። ባለቤቱ እጣቢ ነው ብሏል፤ ይደፋ። ማንም ግን አልደፋውም። ደግሞም ቃሉን ዝም ብለን አንጥለውም። ከባድ ማስረጃ ነው። የምን ማስረጃ? ሐረር ላይ ስለነበረው ሰው፣ ስለ ድካሙ፣ ከወጣትነቱ ጋር ስለመኳረፉ። ስለ ግጥሙ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ለእናቱ የሰጣት መልስ ይበልጥብኛል። «ወደ እኔ አትምጪ፤ ወደ ወረቀቱ ሂጂ» ነው ያላት። ምስክሩ ራሱ ዳኝነቱን እምቢ አለ።

ከገጣሚ ወደ ስፌት ልውሰዳችሁ። ጀጎል ውስጥ ስፌት የሚሰፉ አንዲት እናት አሉ። ሐረር ላይ «አንቱ» ብዙም አይሄድም፤ ስለዚህ «አንቺ» እያልኩ ነው የማወራቸው፣ ለናንተ ስተርክ ግን አፌ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ጎብኚ ከአስጎብኚው ጋር መጣ። ከስፌቱ ዙሪያ የጥርስ ረድፍ የሚመስል ጌጥ አለ። «ምን ማለት ነው?» አለ። «የከተማው ግንብ ነው» አሉት። ሰውየው ተደሰተ፣ ሳይከራከር ገዛ፣ ሄደ። እኔም ተደነቅሁና «ለካ ግንቡ ነው?» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «አቦ ልጄ፣ እናቴ እንዲህ ትሰፋ ነበር፤ እኔም እሰፋለሁ። ለሱ ‹ዝም ብሎ ነው› ብዬው ይገዛኛል?»

ይኸውላችሁ፣ የተከፈለው ምስክር። ዛሬ በየኤግዚቢሽኑ ከሥዕሉ ጎን የሚለጠፈው የሰዓሊ መግለጫም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «በማንነትና በትዝታ መካከል ያለውን ውጥረት እፈትሻለሁ» ይላል። ሥዕሉን ታያላችሁ፤ ዶሮ ነው። ጥሩ ዶሮ። ሰዓሊው ምን ያድርግ? አዘጋጁ ጻፍ ብሎታል።

ግን እኚህ እናት ሐሳብ የላቸውም እንዳትሉ። ቀጥዬ ሲሰፉ ተመለከትኩ። ወስፌው ገባ፣ አክርማው ተጠመዘዘ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየቆጠሩ ነው። ቀዩ ስንት፣ ጥቁሩ ስንት። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና ወደ ኋላ ፈቱት። «ምነው?» ስላቸው «እዚህ ጋ አንዷን ከሳትክ ዙሩ ሲዘጋ አይገጥምም» አሉኝ። ጥርስ ጥርሱ እኩል ሆኖ ዙሩ ላይ እንዲገናኝ ይፈልጋሉ። ይህ ሐሳብ ነው። የጠራ፣ ጥብቅ ሐሳብ። በአፍ የሚነገር አይደለም፤ በእጅ የሚታሰብ ነው። ማየት ለሚችል ሰው ደግሞ ስፌቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የሠሪው ሐሳብ ዋጋ አለው ስል በመጀመሪያ የማስበው ይህን ዓይነቱን ነው። ለጎብኚው የተሸጠውን አይደለም።

አሁን ደግሞ የሐረሩን ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ላንሳ። ሐረር በ1924 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው፣ የብራና ጽሕፈትና የሥዕል ባለሙያ ነበሩ። እሱ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረና በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲመለስ አብስትራክት ይዞ መጣ። አገሩ የለመደው ቅዱሳን፣ ነገሥታትና የጦር ሜዳ ነው። እሱ ቀለምና ቅርጽ ብቻ አቀረበ። «ይሄ ምንድን ነው?» ተባለ። ሰዓሊም ገጣሚም ነበርና በአደባባይ ተከራከረለት። በኋላም በስደት በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ሥራዎቹ ዛሬ አዲስ አበባ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ።

ከሥዕሎቹ አንዱ «ጎልጎታ» ይባላል። ቀይ ነው። ቀዩ ዓይን ይይዛል። እስቲ ርዕሱን በእጃችሁ ሸፍኑት። ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ እሳት፣ ምሽት፣ ንዴት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። እጃችሁን አንሱ። ጎልጎታ። አሁን ደም ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። የተቀየረ ቀለም የለም። የተጨመረው አንድ ቃል ነው፤ ያ ቃል የሰዓሊው ሐሳብ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ርዕሱን ለጓደኛው ቡና ላይ ያወራው አይደለም። የሥራው አካል አድርጎ አስገብቶታል። ደግሞ ቀለሙ ርዕሱን ይሸከማል። ያንኑ ርዕስ ረጋ ባለ አረንጓዴ ሥዕል ላይ ለጥፉትና ሞክሩት፤ አይይዝም። የኔታ አይቀበሉትም።

ስለ አባቱ ማወቃችንስ? ብራና ቤት ያደገ ልጅ ቀይ ቀለም ሲያነሳ፣ በግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ ቅዱስ ስም በቀይ ሲጻፍ እያየ ያደገ ነው። ይህ ሐሳቡን አያረጋግጥልንም። ዓይናችንን ግን ያነቃዋል፤ ለእኔ ይህ ይበቃል። ሕይወት ታሪክን ጭራሽ አታንብቡ የሚሉ ሐያስያን አሉ። አልስማማም። አንብቡ፤ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተመለሱና አንብቡ።

ምስክር ጭራሽ በሌለበትስ? ከዚህ ከድሬዳዋ ሩቅ ሳንሄድ የዋሻ ሥዕሎች አሉን። ለጋ ኦዳ አለ። ጎዳ አጃዋ አለ። ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ፤ ፈረንሳዊው ቄስና የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ሄንሪ ብረይ እ.ኤ.አ. በ1933 መጥቶ ሥዕሎቹን አይቷል። ግድግዳው ላይ ከብቶች አሉ። የሳሉትን ሰዎች ስማቸውን አናውቅም፤ ቋንቋቸውን አናውቅም፤ ቃል ትተው አልሄዱም።

ሆኖም አፋችንን አልዘጋንም። ከብቶቹ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በዙሪያችን የምናያቸው ባለሻኛ ናቸው። ሰዓሊው ሻኛ መሳል አቅቶት አይደለም፤ ቀንዱንና ጡቱን እንደዚያ ለይቶ ያወጣ እጅ ሻኛ አያቅተውም። ያየውን ነው የሳለው። ላም አውቆ የኖረ ሰው ነው፤ የታለበ ላም። ይህን ያህል ከግድግዳው እናነባለን። ለምን ሳለው? ለጸሎት ነው፣ ለጨዋታ ነው፣ ሀብት ለመቁጠር ነው? እዚያ ላይ የሚናገር ሁሉ የራሱን ነው የሚናገረው። «ሐሳብ አያስፈልግም» የሚሉት ሰዎች እዚህ ዋሻ ፊት ቢቆሙ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ መቻልን እንዴት እንደሚመኙ አስባለሁ።

እስካሁን ሠሪውን አንድ ሰው አድርገን አወራን። አስቸጋሪው ሠሪው ብዙ ሲሆን ነው። ሐረሪ ቤት በእንግድነት ከገባችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ ነደባ ላይ ትቀመጣላችሁ። መደቡ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ለምን ቀይ ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። የጨለንቆ ደም ነው ይሏችኋል። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ ገዥ የአሚር አብዱላሂ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር የተዋጋበት፣ ብዙ ሰው የወደቀበት ጦርነት። የመጀመሪያውን መደብ ቀይ የቀባው ሰው ማን ነበር፣ ምን አስቦ ነበር? እኔን ብዙ አያስጨንቀኝም። አፈሩ ይለቃል፤ እንደገና ይቀባል። ዛሬ የምትቀባው ሴት ጨለንቆን እያሰበች ከቀባችው ሐሳቡ አለ። ትናንት የነበረ ሳይሆን በየቅቡ የሚታደስ ሐሳብ። ከዩኒቨርሲቲ መጥተን «ታሪካዊ ማስረጃ አምጪ» ብንላት ነገሩ አልገባንም ማለት ነው።

የዚያው ጦርነት ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። ከጨለንቆ በኋላ ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ መኮንን ናቸው። ልጃቸው ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ለአባታቸው ሐረር ላይ ባለፈረስ ሐውልት ቆመ። ሐሳቡ ምን ነበር? ግልጽ ነው። አባትን ማክበር፣ ገዥን ማክበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ሐውልቱ ፈረሰ። ያፈረሱት ሰዎች ሐሳቡን ስተውት አይደለም። አሳምረው አንብበውታል። አንዱ በዚያ ፈረስ ላይ አስተዳዳሪና የአድዋ ጀግና ያያል፤ ሌላው ነደባው ላይ ያለውን ቀይ ያያል። ማን ልክ ነው ለማለት አላነሳሁትም፤ ቬንቲሌተሩም አይበቃንም። ያነሳሁት «የሠሪው ሐሳብ ከታወቀ ክርክር ይቆማል» ለሚሉ ነው። አይቆምም። አንዳንዴ ክርክሩ የሚጀምረው ሐሳቡ በደንብ ሲገባ ነው።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። ይሄኛው የራሳችን የድሬ ነው። በ1950ዎቹ እዚህ ከተማ አፍረን ቀሎ የሚባል የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ተነሳ። በኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን በራሱ ጉዳይ በነበረበት ዘመን። አንድ ታዳጊ መድረክ ላይ ወጥቶ «ቢራ ዸ በሪኤ» ብሎ ዘፈነ። ጸደይ ነው፣ ነጋ የሚል ነው። ሕዝቡ ከዘፈኑ ስም አወጣለት፤ አሊ ቢራ ሆነ። ጸደይ ነው፣ ነግቷል። ምን ክፋት አለው? ባለሥልጣን ሆናችሁ ስሙት እስቲ። የምን ንጋት? ለማን? ቡድኑ ብዙ ሳይቆይ ታገደ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ይገለበጣል። እስካሁን ሐሳቡን ለማወቅ የምንጓጓው ተደራሲዎቹ ነበርን። አሁን ሐሳብ የሚፈልገው ፖሊስ ነው። «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚለው ጥያቄ የፈተና መሆኑ ይቀርና የምርመራ ይሆናል። ዘፋኙ «ስለ ወቅት ነው የዘፈንኩት» ማለት አለበት፤ አዳራሹም ሌላውን መስማት አለበት። ዘፈኑ የቆመው በሁለቱ መሀል ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን ሠሪው ሐሳቡን በግልጽ ቢናገር ዘፈኑንም ራሱንም ያጠፋል። ስለዚህ ያኔ የተባለውን የአርቲስት ቃል ዛሬ ስታነቡ፣ «ስለ ጸደይ ብቻ ነው» የሚለውን ሁሉ እንዳለ አትቀበሉ። «ከመጀመሪያውም ለትግል ነበር» የሚለውንም እንደዚያው። የፊተኛው በፍርሃት ዘመን የተሰጠ ቃል ነው። የኋለኛው በጭብጨባ ዘመን።

ንግግሩ እዚህ አለቀ። ጥያቄ ብዙ ነበር፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ወጣት ሰዓሊ ከኋላ ተነሳ። «አንተ ጥሩ አወራህ» አለኝ። «እኔ ግን የተግባር ችግር ነው ያለብኝ። ሥዕሌን የገዛኝ ሰውዬ ቤት ተጋብዤ ሄድኩ። ገልብጦ ሰቅሎታል።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«አብስትራክት ነው?» አልኩት።

«አዎ። ግን ላይና ታች አለው!»

«ሲገዛህ ነግረኸው ነበር?»

«ግልጽ ነው ብዬ።»

ላይና ታች ከሠሪው ውሳኔ ሁሉ ዋናው ነው፤ ሥዕሉ ሲገለበጥ የሰውየው ትርጉም ብቻ አይደለም የሚለወጠው፣ የሚያየው ሥዕልም ሌላ ነው አልኩት። ስለዚህ ሄደህ ንገረው። ሕግም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህ ክብርህን በሚነካ መንገድ ሲዛባ ወይም ሲቆራረጥ የመቃወም መብት ይሰጥሃል። ሸራህን በመቀስ የሚቆርጠውን ትከሰዋለህ። ሥዕሉ ያልገባውን ግን የትም አትከሰውም። አገልብጦ መስቀል ከሁለቱ የትኛው ነው? ዳኛ ፊት ሄዶ መሞከር የሚፈልግ ካለ እኔም መጥቼ አያለሁ።

«ነገርኩት እኮ» አለ ልጁ። «‹እንዲህ ይሻላል› አለኝ።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ፎቶውን አሳየና፣ እንይልህ» አሉት። ስልኩን አወጣ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ቀና አድርጎ አየው፤ ሌላው ገልብጦ። ስልኩ በተገለበጠ ቁጥር ሥዕሉም አብሮ እየዞረ አስቸገረ። አንዱ «ሮቴሽኑን ዝጉት አቦ!» ብሎ ጮኸ። ተዘጋና እንደገና ዞረ። ከግማሽ በላይ የሆነው አዳራሽ ከገዢው ጋር ወገነ። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ እስኪቀመጥ ድረስ «አላዩትም፣ ቀዩ ከታች ሲሆን ይከብዳል እኮ» እያለ ነበር፤ ይህ ደግሞ ያን ምሽት ስለ ሥዕሉ የተነገረ ብቸኛው ማስረጃ ነው።